የቡላ ሚዛን

ሥራዬ ሚዛን ማስተካከል ነው። የመጋዘን፣ የፋርማሲ፣ የሥጋ ቤት ሚዛን ሲዛባ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቡችላዎች ስንካፈል፣ ክርክራችንን በሚዛን እንደምጨርሰው አልተጠራጠርኩም።

እሷ ዳማን ወሰደች፤ ሥጋ፣ ጉበትና ካሮት እየቀቀለች ልታሳድገው። እኔ ቡላን ወሰድኩ፤ ደረቅ የፋብሪካ ምግብ፣ ጠዋት መቶ ሰማንያ ግራም፣ ማታ መቶ ሰማንያ ግራም።

«አብላው ጠጠርህን፣ አቶ ሚዛን» አለችኝ። «የማን ውሻ ዕድሜ እንደሚጠግብ እናያለን።»

«እናያለን።»

እሑድ ጠዋት ቡላ ራሱ ሄዶ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ እስክጽፍ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንዲት ፍሬ ደረቅ ምግብ በመዳፌ እሰጠዋለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት አባቴ ከወንበራቸው ሆነው ያዩናል።

«ምስኪን» ይላሉ፣ «ለአንዲት ጠጠር ብሎ!»

ዳማ በሦስት ዓመቱ አነከሰ። አጥንቱ ሳስቷል፣ ሥጋና ካሮት ብቻውን አይበቃውም ተብሎ ምግቡ ላይ የሚጨመር የካልሲየም ዱቄት ታዘዘለት። ያን ቀን ለእህቴ ደውዬ ሳቅሁባት። እሷ ደግሞ የቡላን ጥርስ ባየች ቁጥር አፍንጫዋን ትይዛለች።

በስድስተኛው ዓመት እናታችን ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቡላ መወፈር ጀመረ። ከሠላሳ አንድ ኪሎ ሠላሳ አራት ገባ። ምግቡን ወደ መቶ ሃምሳ ግራም ቀነስኩ፤ ጨመረ። ወደ መቶ ሃያ ቀነስኩ፤ ጨመረ። ሚዛኑን ፈትቼ መረመርኩት፤ ምንም አልሆነም። ሁለት ዓመት እንዲህ ቀጠልን፤ ከዚያ ቡላ ማስታወክ ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሟ የደም ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ቆሽቱ ታሟል። ምንድነው የሚመግቡት?»

ደብተሬን ዘረጋሁላት።

«ይሄ ደብተሩ የበላው ነው» አለች። «ውሻው የበላው ቅባት ነው፤ ያውም ብዙ።»

«ደረቁ ምግብ አይደለም የጎዳው?»

«ሁለቱንም ሲበላ ከኖረ ማን ያውቃል?»

«ይድናል?»

«እንጃ።»

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የአባቴን ምሳ ክፍላቸው አስቀምጬ ነው የምወጣው። ስመለስ ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ቀረሁ። ቡላን ልትጠይቅ ከመጣችው እህቴ ጋር በምሳ ሰዓት ገርበብ ያለውን የአባቴን ክፍል በር ቀስ ብለን ገፋነው።

አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቡላን በማንኪያ ያጎርሱታል። «ቀስ በል» ይሉታል በሹክሹክታ፣ «ማንም አይሻማህም።»

«አባባ!» አለች እህቴ።

ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። «ጠጠር እኮ ነው የሚያበላው፣ ልጄ። ያውም እየቀነሰ። አሳዘነኝ።»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?»

«እናታችሁ ከሄደች ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። ሳህኑ እንዳለ ሲመለስ ደግሞ እሱ ይቆጣል። ምን ላድርግ?»

ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። እህቴም አየቻቸው።

«ቡላ ለምን እዚህ በር ላይ እንደሚተኛ ጠይቀህ አታውቅም?» አለችኝ።

«ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ መስሎኝ።»

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለች። «አንተ ግን...» ተወችው።

ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሚዛኑን አመጣሁ። አባቴ ወጡበት፤ እንደ ቡላ ንቅንቅ ሳይሉ ቆሙ። አርባ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ደብተሩን ገለጥኩ። የስምንት ዓመት እሑዶች በሙሉ ተጽፈዋል፤ ይህን ቁጥር የማወዳድርበት ግን አንድም መስመር የለም።

ቀና ስል አባቴ ከሚዛኑ አልወረዱም። መዳፋቸውን ዘርግተውልኛል።

«ፍሬዋስ?» አሉ።