ኮቱ ማን ነው?

ማሪኖ ከወደቡ ወደ ሱሻክ ሰፈር ሽቅብ የሚወጣውን አውቶቡስ ሲነዳ አርጅቷል። ጡረታው ደርሷል፤ ወገቡ ግን ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ከደንበኛ ተሳፋሪዎቹ አንዱ ኤሊዮ ነበሩ። ኤሊዮ በወጣትነታቸው «የጨው መንገድ» የሚባል የሮክ ባንድ ዘፋኝና ግጥም ደራሲ ነበሩ። አሁን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል የሚመላለሱ፣ ከፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡ ሽማግሌ ሆነዋል።

ማሪኖ ገና ከመጀመሪያው ቀን አውቋቸዋል። ደፍሮ ግን አላናገራቸውም። ከዘፈኖቻቸው አንዱ፣ «ኮቱ» የሚባለው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። ዘፈኑ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እራት ይበላል። ከጠረጴዛው ራስ ያለው ወንበር ላይ ኮት ተሰቅሏል እንጂ ሰው የለም። ሆኖም በየማታው ለኮቱ ወይን ይቀዱለታል። ጊታሩ ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ዝም ይልና ከበሮው ብቻውን ይቀራል።

ዘፈኑ ሲወጣ ኋላ የተበታተነችው ሀገር ገና አንድ ነበረች። መሪዋ ሞተው ወንበራቸውን የሚደፍር ጠፍቶ ስለነበር፣ ሁሉም ኮቱ የእሳቸው ነው አለ። ተማሪዎች ቡና ቤት ተሰብስበው በዚህ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። ማሪኖ አልተከራከረም። ለእሱ ኮቱ አባቱ ናቸው።

አባቱ የመርከብ መሥሪያ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ጓደኛቸው ዓይናቸው እያየ ብረት ተጭኖት ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ቃል አልተነፈሱም። ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጡና የዳቦ ፍርፋሪ በጣታቸው እየለቀሙ በሰልፍ ይደረድራሉ። እናቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ወይናቸውን ትቀዳላቸዋለች። ማሪኖ በእናቱ ያፍር ነበር። ዘፈኑን የሰማ ዕለት ግን ነገሩ ሞኝነት ሳይሆን ፍቅር መሆኑ ገባው። ያ ብቻውን የሚቀረው ከበሮም አባቱ ናቸው፤ ድምፃቸው ጠፍቶ ልባቸው የሚመታ።

እህቱ ዶሪያና ዝምታውን አልቻለችውም። ገና በልጅነቷ ቤቱን ጥላ ፑላ ከተማ ገባች፤ ለአባቷ ቀብርም አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት ለገና ካልሆነ አይደዋወሉም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወርደው ኤሊዮ ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቁ፣ ማሪኖ ዞረ።

«ሾር ኤሊዮ» አለ በወደቡ ሰዎች የአክብሮት አጠራር፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ስለ ኩላሊቴ ካልሆነ ጠይቅ።»

«ኮቱ ማን ነው?»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «አንተም? ዝም ስትል እኮ ጨዋ ሹፌር መስለኸኝ ነበር።»

«ይቅርታ።»

«ኮት ነው። እንደዛሬው ዝናብ መታኝና እንዲደርቅልኝ ወንበር ላይ ሰቀልኩት። ወይኑን የጨመርኩት ቤት እንዲመታልኝ ነው።»

ማሪኖ ወደ መሪው ተመለሰ። ኤሊዮ ግን ፊቱን አይተውት ነበር።

«አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

ነገራቸው። ፍርፋሪውን፣ የእናቱን ወይን፣ ከበሮውን፣ ሁሉንም። ሲያበቃ ኤሊዮ ከወንበራቸው ተነሱ። «ከእኔው ይሻላል» ብለው ወደ ዝናቡ ወረዱ።

ብርዱ ሳይወጣ፣ ሬዲዮው ስለ ባንዱ የድሮ አልበም ዝግጅት አቀረበ። ማሪኖ እየነዳ ነበር። ጋዜጠኛዋ ኮቱ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«ዝም ያለ አባት ነው» አሉ ኤሊዮ። ቀጥለውም ስለ ፍርፋሪው ሰልፍ፣ ስለ እናቲቱና ስለ ከበሮው የገዛ ቤታቸውን ታሪክ አስመስለው ተረኩ።

«አባት ነው አላልኩሽም?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ።

ማሪኖ ሬዲዮኑን ዘጋው።

«ምነው ሹፌር፣ እየሰማን እኮ ነው።»

መልሶ ከፈተላቸው። ለመናደድ እንኳ አቅም አጣ።

ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ዶሪያና ደወለች።

«ሬዲዮ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ፍርፋሪው የአባባ ነው። ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ነበር የምታስበው?»

«አዎ። አንቺስ?»

«እኔማ ኮቱ ራሴ ነኝ ብዬ ነበር። የወጣሁ ዕለት ኮቴን ወንበሬ ላይ ትቼ ነው የሄድኩት፣ በዚያ ብርድ። ዘፈኑ ሲወጣ በየማታው ወይን የምትቀዱልኝ መስሎኝ አለቀስኩ። በኋላ ሳስበው አንዳችሁም አልደወላችሁም።»

«ስልክ አልነበረንም።»

«ጎረቤት ነበረው።»

«ነበረው» አለ ማሪኖ።

«ለመሆኑ ኮቴ የት ገባ?»

«እማማ ለአክስታችን ልጅ ሰጠችው። ልኳ ነበር።»

ዶሪያና ሳቀች። የደከመ ሳቅ ነው፤ ቢሆንም ከአባታቸው ሞት ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር።

ኤሊዮ በቀጣዩ ቀጠሯቸው ሲሳፈሩ ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ ብረቱን እየያዙ ወደ ፊት መጡ።

«ሰረቅኩህ።»

«ሰረቁኝ።»

«አርባ ዓመት ይጠይቁኛል። ዝናብ ነው ስላቸው ፊታቸው እንዳንተ ይጠቁራል። ደከመኝ ልጄ።»

«አንድ ሹፌር ነገረኝ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ፈልገውህ ይመጡ ነበር። ትወዳለህ?»

ማሪኖ አሰበበት። «አልወድም» አለ። «እህቴ ግን ሌላ ነው የምትለው።»

«ምን አለች?»

«ሬዲዮ ላይ የማይወጣ ከሆነ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።»

ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ ከአውቶቡሱ ደረጃ አወረዳቸው። ክንዳቸው ቀሎ ነበር።

ዶሪያና በዚያው ሳምንት እሑድ መጣች። አባታቸው የተቀበሩበት መካነ መቃብር በር ላይ ስትደርስ «እግሬ እምቢ አለኝ» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ማሪኖ ብቻውን ገብቶ የአበባውን ውኃ ቀይሮ ተመለሰ። ቤት ሄደው ሰርዲን በድንች በሉ። ስለ ወገቡ፣ ስለ እሷ የደም ግፊት አወሩ። ዘፈኑን ማንም አላነሳውም። ከዚያ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱም የፑላው አውቶቡስ ሰዓት እስኪደርስ አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቀና ቀሰቀሳት።

«ለፋሲካ እመጣ ይሆናል» አለች ጫማዋን እያሰረች። «ነይ ከተባልኩ ማለቴ ነው።»

«ነይ» አላት።