ለቡ ቅርብ ነው

የጣቢያው ጥበቃ በሩን ሊዘጋ ሲገፋ ኢስሀቅ እግሩን አስገብቶ ያዘው።

"አንድ ጊዜ፣ ወንድሜ፤ እህቴ መንገድ ላይ ናት" አለው። በአንድ እጁ የባቡር ትኬቷን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ትኬቱን ገልብጦ አየው፣ ከኋላው ወደቆመው ቻይናዊ ሠራተኛ ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ ኢስሀቅ ጫማ እያመለከተ "አባቴ፣ እኔንም እንጀራዬን አታሳጣኝ" አለው። ኢስሀቅ እግሩን አወጣ። ምን ያድርግ?

ስልኩ ውስጥ ሰልሚያ ታለቅሳለች። ቄራ ላይ ናት፤ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው እንደቆመ ነው፤ ወርዳ እንዳትሮጥ ሻንጣው አለ። ቄራ ከለቡ ምን ያህል እንደሚርቅ ኢስሀቅ አያውቅም። አለማወቁን ያወቀው ገና አሁን፣ የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስሀቅ ቡታጅራ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ብረት ሊገዛ መርካቶ ይመላለሳልና በሰፈሩ መንገድ አዋቂ ይባላል፤ ሐኪም ቤት የሚሄደውም፣ ሐጅ የሚሄደውም ስንት ሰዓት ልነሳ ብሎ የሚያማክረው እሱን ነው። እሱም መጠየቁን ይወደዋል። ግን የቡታጅራ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በአለም ገና በኩል ነው፤ አለም ገናን እንዳለፈ፣ ግርግሩ ገና ሳይጀምር፣ ለቡ አለ። ስለዚህ ለኢስሀቅ ለቡ ማለት ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የሚያገኘው ቦታ ነው። ከቦሌ ተነስቶ በጠዋት ለቡ የሚደርስ ሰው በየት በየት እንደሚያልፍ በዕድሜው አስቦት አያውቅም። ኤርፖርቱን ከውጭ እንኳ አይቶት አያውቅም።

እናታቸው፣ ስሟ ከድጄ ነው፣ ድሬዳዋ የሄደችው ክረምቱን ሽሽት ነበር፤ ታላቅ ወንድማቸው ሙሀመድአወል እዚያ ሱቅ አለው። ሄዳ እዚያው ታማ ወደቀች። ሐኪሞቹም ቤት ትሁን ብለው ወደ ልጇ ቤት መለሷት። ሰልሚያ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሠሪዎቿ በስንት ልመና ለቀቋት። ያን ሰሞን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አልተነሳም፤ ከአዋሽ ወዲያ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። የድሬዳዋ አውሮፕላን ሞልቷል። የቀረው ባቡሩ ነው፤ እሱም የሚሄደው አንድ ቀን እየዘለለ ነው።

"አንድ ቀን ቀድሜ ልምጣና አዲስ አበባ ልደር" ብላው ነበር ሰልሚያ፣ በስልክ።

"ምን በወጣሽ! የት ታድሪያለሽ? ጎህ ሲቀድ ትወርጃለሽ፣ ባቡሩ የሚነሳው ሁለት ሰዓት ነው። ለቡ እኮ ቅርብ ነው።"

ታላቋ ነውና አመነችው። እሱም ትኬቷን አስቀድሞ ቆረጠ፣ ከሱብሂ ሶላት በፊት ከቡታጅራ ተነሳ፣ ማንም ሳይቀድመው ለቡ ደረሰ። ደርሶም ሻይ ጠጣ። እንዲያውም እህቱን ምን ብሎ እንደሚቀልድባት እያሰበ ብቻውን ፈገግ ብሎ ነበር።

ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ። ሰልሚያ የደረሰችው ሐዲዱ ላይ ምንም ከሌለ በኋላ ነው። ከታክሲው ወርዳ አቅፋው አልሳመችውም፤ መጀመሪያ ከትከሻው በላይ ወደ ጣቢያው አየች።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

ዘጠኝ ዓመት ሳይተያዩ ቆይተው የተነጋገሩት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ከስታለች፤ ፊቷ የእናታቸውን ሆኗል። ሁለት እግሮቿ መሀል የመካውን የዘምዘም ውሃ የያዘ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጀሪካን አስቀምጣለች።

"ሻንጣዬ ቶሎ ወጥቶልኝ ነበር" አለች ጀሪካኑን እያየች። "ዘምዘሙ ነው የቆየው። ጥዬው ልሂድ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እማዬ ዘምዘም ሳልጠጣ እንዳልሞት፣ በዘምዘም የራሰ ከፈን ሳትይዢልኝ እንዳትመጪ ብላኝ የለ? ከፈኑን እዚያው አርሼ አድርቄዋለሁ። ውሃውን ጥዬ በምን ዓይኔ አያታለሁ? አንተ ደግሞ ቅርብ ነው ብለኸኛል።"

የመጨረሻውን ያለችው ልትወቅሰው አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። ኢስሀቅ ግን አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የኔ ነው ሊላት ፈለገ። በሱ ቤት አስልቶ ነበር። አውሮፕላኑን አሰበ፣ ባቡሩን አሰበ፤ መሀላቸው ያለውን ከተማ ረሳው።

ባቡሩ እንዳመለጣት ለሙሀመድአወል በስልክ ነገሩት። ቀጣዩ ባቡር ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ቤታችን እንሂድ ተባባሉና ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። ሰልሚያ ጀሪካኑን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልስቀለው ቢላት እምቢ ብላ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች። አለም ገናን በአፍታ አለፉ። ኢስሀቅ በመስኮት እያየ ውስጡ ተቃጠለ፤ ለቡ እውነትም ቅርብ ነበር፤ ለእሱ።

ከሰዓት በኋላ እናታቸው ቤት ገቡ። ሰልሚያ ጫማዋን አውልቃ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረች። የእናቷን ሻሽ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ አሸተተችውና መልሳ ሰቀለችው። ዘምዘሙን ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አኖረችው። ቀጥላ ድሬዳዋ ደወለች፤ ሙሀመድአወል አላነሳም። "እየሰገደ ይሆናል" አለች። ኢስሀቅም ይሆናል አለና ሥራ አለኝ ብሎ ወደ ብየዳ ቤቱ ወጣ። ምንም ሥራ አልነበረውም። ዓይኗን ሽሽት ነው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ስልኩ ጮኸ። ሙሀመድአወል ነው። ገና ድምፁን ሲሰማ ኢስሀቅ በጅምር ያለ የበር ብረት ላይ ቁጭ አለ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ ሙሀመድአወል። ሰው ሲሞት የሚባለው ነው። "ባቡሩ እዚህ የሚደርስበትን ሰዓት ትናንት ነግሬያት ነበር። ያ ሰዓት ሲደርስ ትራሴን ከፍ አድርጉልኝ አለች። ቀረች ልላት አልቻልኩም፣ ኢስሀቅ። በሩን እያየች ቆየች። ከዚያ ደከማት።"

"ተናግራለች?"

"መጣች ወይ አለችኝ። መንገድ ላይ ናት አልኳት።"

ቀብሩ ጠዋት ነው። ሬሳ አይቆይም፤ ለማን ይቆያል? መንገዱ ዝግ ነው፣ ባቡሩ ከነገ ወዲያ ነው። እናታቸው ከድሬዳዋ ሱቅ በተገዛ ከፈን ትጠቀለላለች፤ በዘምዘም የራሰው ደግሞ ቡታጅራ ሻንጣ ውስጥ ነው። ኢስሀቅ ይህን ሁሉ እያሰበ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ትናንት አዲስ አበባ ልደር ብላ ነበር እኮ! አንድ አዳር! ያቺን አንድ አዳር የከለከላት እሱ ነው።

ዓይኑን ታጥቦ ጎረቤታቸው እማማ ዘይባ ቤት ሄደ። እሳቸው የእናቱ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በራቸው ላይ ሲያዩት ሳይነግራቸው ገባቸው። ጥቂት አለቀሱ፤ ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና የሚደረገውን ተናገሩ። ለልጅቷ በማታ አይነገራትም። ከመንገድ መጥታለች፣ ትብላ፣ ትተኛ። ሱብሂ ሲሰገድ ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶውን ይነግሯታል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ደንቡ እንደዚህ ነው፤ ኢስሀቅም እሺ ብሎ ወጣ።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሴቶቹ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት መጡ። ቆጮውን፣ ክትፎውን፣ ወተቱን ይዘው መጡ። ሰልሚያን አገላብጠው ሳሟት፤ ግን ከሚገባው በላይ ይዘው አቆዩዋት። ከዓረብ አገር የመጣችን ልጅ ሰው ምን እንደሚላት የታወቀ ነው፤ መቼ ነው የምታገቢው ይባላል፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ ይባላል፣ ይሳቃል። ማንም እንደዚያ አላለም። ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አንዷ "ብዪ እንጂ፣ ነገ ጉልበት ያስፈልግሻል" አለቻትና እማማ ዘይባ በክርናቸው ጎሸሟት። ሌላዋ ሚስማሩ ላይ ያለውን ሻሽ አይታ ፊቷን አዞረች።

ሰልሚያ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና አላመጠችውም። ሴቶቹን በየተራ አየቻቸው። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ ብትኖርም የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ልጅ ሳለች እሷም ግድግዳ ተደግፋ እንዲህ ዝም ብላ አምሽታ ታውቃለች። የጎረሰችውን በግድ ዋጠች። እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ወደቆመው ወንድሟ ዞረች።

"ኢስሀቅ" አለችው። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነግሩኝ?"

እማማ ዘይባ ኢስሀቅን አዩትና በዓይናቸው ተው አሉት። ኢስሀቅ ከሱብሂ በኋላ ሊል አፉን ከፈተ። እንደለመደው፣ ሰው ስንት ሰዓት ሲለው ሰዓት እንደሚነግረው። ይህችው ልጅ ከጅዳ ስትደውልም ጠይቃው ነበር፤ ያኔም ቆይተሽ ነይ ብሏት ነበር።

"እማማ ዘይባ" አለ። "አፉ በሉኝ። ሴቶቹን ይዛችሁ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቆዩልን።"

እሳቸው ቶሎ አልተነሱም። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀድመው ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ኢስሀቅ በሩን ከኋላቸው ዘጋው። መጥቶ እህቱ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጆቿን ያዘ።

"አሁን" አላት።