ስለ ዳኛ ኤልያብ ሆርተን ወንበር በራእይ ያየሁት

በዚያ ምሽት ከፍርድ ቤት ስመለስ ልቤ በንዴት ነዶ ነበር። ጎረቤቴ ባላባት የአባቴን እርሻ ከነጠቀኝ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጅ ስጠና የሰማሁት ፍርድ «ነገ ተመለስ» የሚል ብቻ ነው። «አቤቱ፥ ዳኝነት ከምድር ላይ ጠፍቷልን?» እያልሁ ራቴን ሳልቀምስ ጋደም ባልሁበት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወዲያው ጥቁር ካባ የደረበ ሽማግሌ እጄን ይዞ ባሕር አሻገረኝና ደን ከበዛበት አገር አቆመኝ። «ይህች አሜሪካ ናት፤ መንግሥቷ ከቆመ ገና ሃያ ዓመት አልሞላም» አለኝ። ከፊታችን አንድ ሰው የሕግ መጻሕፍቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ፥ በፈረስ ሆኖ የሞላ ወንዝ ይሻገር ነበር።

«ይህ ነጋዴ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የለም፤ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ኤልያብ ሆርተን ነው። የቆዳ ፋቂ ልጅ ሲሆን በትምህርቱ ለዚህ በቃ። የዓመቱን እኩሌታ እንዲህ ከአገር አገር እየዞረ ይፈርዳል።»

«የፋቂ ልጅ! ደግሞስ ዳኛ ወደ ባለጉዳይ ይሄዳልን?»

«ታዲያ ማን ወደ ማን ይሂድ?» አለኝ ተቆጥቶ።

ተከትለነው ከእንጨት ወደ ተሠራ አዳራሽ ገባን። አንዲት ባልቴት እርሻዋን የነጠቃትን አገረ ገዥ ከስሳ ቆማለች። አገረ ገዥውም ወደ ዳኛው ጠጋ ብሎ «ለዚህ ወንበር ያበቃሁህ እኔ መሆኔን አትርሳ» አለው። ሆርተንም «መሾሙን እርስዎ ሾሙኝ፤ መፍረዱን ግን ያዘዘኝ ሕግ ነው» ብሎ በዚያው ቀን ለባልቴቲቱ ፈረደላት። አገረ ገዥው ቂም ይዞ በሸንጎ ፊት ቢያስከስሰውም፥ አንድም ጥፋት ስላልተገኘበት በወንበሩ ጸና።

በደስታ ላጨበጭብ ስል፥ እኔን የመሰለ ጥቁር ሰው በበሩ ቆሞ «ጌታዬ፥ ልጄን ሸጡብኝ!» እያለ ሲጮህ አየሁ። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ «የባሪያን አቤቱታ ሕጉ አይቀበልም» አለና መዝገቡን ዘጋ።

«ምነው! አገረ ገዥ ያልፈራ ሰው ይህን ፈራ?» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም ብለህ ፍጻሜውን እይ» አለኝ ሽማግሌው።

ሆርተን በሸበተ ጊዜ ጆሮው ደከመ። ማንም ሳያስገድደው ካባውን አውልቆ «የማይሰማ ሰው ሊፈርድ አይገባውም» አለ። ባልንጀሮቹ ስለ ጨዋነቱ ሲያመሰግኑት ግን አለቀሰ። «የዚያን አባት ጩኸት ሳልሰማ የቀረሁት ጆሮዬ ደኅና ሳለ ነው» አላቸው።

በዚህ ጊዜ ነቃሁ፤ ጎሕ ቀዶ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ለባለቤቴ ለወይዘሮ የሺመቤት ነገርኋት። እርሷም እስክጨርስ ታግሣ፥ «እኔ ዳኛ ነኝ? ለኔ ምን ይነግሩኛል!» ብላ ጋቢዬን አቀበለችኝ። እኔም ለብሼ ወጣሁ። በዚያ ቀን የራሴን አቤቱታ ትቼ፥ በችሎቱ ፊት ቆሜ፥ ዝም በል ቢሉኝም ዝም ሳልል፥ ራእዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁ።