ሳይጠየቅ የተሞላ ቅጽ

«ነፍስ ይማር፤ ግን ሳሙናው እምቢ አለን» አለ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ፣ ወንበሩን ወደ ሟቹ ሴት ልጅ ጠጋ አድርጎ። ለቅሶ ቤት መጥቶ የሥራ ወሬ ማንሳቱ እሱንም አሳፍሮታል፤ ግን ምን ያድርግ? አባቷ ከተቀበሩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው፣ ሁለት ጋን ሙሉ ሳሙና ሳይረጋ ተበላሽቷል። ሦስተኛውም ከተበላሸ ስልሳ ሠራተኛ ቤቱ ሊቀመጥ ነው።

«በወረቀቱ መሠረት ነው የሠራነው። አንቺው የጻፍሽው።»

ክው አለች።

ወረቀቱን የጻፈችው አምና ነው። አለቆቹ የአንጋፋ ሠራተኞች እውቀት ከሰዎቹ ጋር እንዳይቀር ተጽፎ ይቀመጥ ብለው፣ እየጠየቁ እንዲሞሉ ለቢሮ ሠራተኞች ቅጽ በተኑ። ቢሮ ለምትሠራው ለእሷ ደግሞ የገዛ አባቷ ደረሷት፣ ሠላሳ ዓመት ሳሙና ሲያፈሉ የኖሩት።

«አባዬ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ነው እሳቱን የምታጠፋው?»

«ሲበስል ነዋ!» ብለው ሳቁባት። «ቆይ፣ ቁጭ በይና ላጫውትሽ።»

ማን ቁጭ ይላል! ነገ ዛሬ ስትል የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ከማሽኑ መመሪያ ላይ ቁጥሩን ገልብጣ ሞላችው። አባቷም «አንቺ ከጻፍሽው ምን አነባለሁ?» ብለው ፈረሙላት። ያኔ እፎይ፣ ተገላገልኩ ብላ ነበር።

አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«አባትሽ ተሳስተው ይሆናል» አለ ተቆጣጣሪው በለሆሳስ። «ያው እርጅናም አለ።»

ይቺን ግን መዋጥ አቃታት።

«አልተሳሳተም!» አለች፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። «መቼ ጠየቅሁት? ከራሴ ነው የሞላሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአባቷ ጋር አንድ ጋን ሲያማስሉ ያረጁ ባልደረባቸው ናቸው።

«እንደሱ አልችልበትም፤ ሲያደርግ ግን አይቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩንም?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ማን ጠየቀኝ? ወረቀት አለ አላችሁ።»

ተቆጣጣሪው ተሽቀዳድሞ እስክሪብቶ አቀበላት። አልተቀበለችውም።

«መጻፉ ይደርሳል። መጀመሪያ ያሳዩኝ» አለች እጇን ዘርግታ።

ሽማግሌው በሻካራ እጃቸው አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ይዘው ቀስ አድርገው አፋተጓቸው።

«የሳሙናውን ጠብታ እንዲህ ስትፈትጊው ካሙለጨለጨሽ ገና ነው። እንደ ጥብጣብ ስስ ሆኖ ከወጣ በስሏል፣ ያኔ እሳቱን ታጠፊያለሽ። አባትሽ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

ሦስት ቀን ሙሉ አልወርድ ያለው እንባዋ አሁን ወረደ።

«አንዴ ይድገሙልኝ፣ ጋሼ» አለች፣ እጇን ሳትሰበስብ።