ለዩቺን ብቻ የተከለከለው ኬክ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዩቺን ደግሞ ከመመንጠር የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት የዱቄት ነጋዴውን ሚዛን፣ የጎረቤቷን ሰላምታ፣ የራዲዮኑን የአየር ትንበያ ሳይቀር እየጠረጠረች ኖራለች። ሳትጠረጥረው የቀረችው አንድ ሰው ቢኖር ልጇ ፔይሹዋን ነበረች። በዚያ ሰኔ ግን የእሷም ተራ ደረሰ።

ነገሩ የጀመረው በኬክ ነው። ፔይሹዋን አንድ ቀን ብድግ ብላ፣ ጥቁር ሰሊጥ ተፈጭቶ የገባበት፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ብድግ የሚል ቀላል ኬክ እሞክራለሁ አለች። በቅቤ ፋንታ የሰሊጥ ዘይት፣ ከላይ ስስ ክሬም፣ በክሬሙ ላይ ማንጎና አናናስ። እሰየው፣ ትሞክር! መንደራቸው ሺጋንግ የሰሊጥ አገር ነው፤ ልጅቷም ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇም ከእናቷ እጅ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ዩቺን ይህን በአፏ ባትናገረውም። ያናደዳት ሌላ ነው። ልጅቷ ኬኩን አታስቀምሳትም።

አርባ ዓመት ሙሉ ከቤተሰቡ ዳቦ ቤት ዩቺን ሳትቀምሰው የወጣ ነገር የለም።

«ገና ነው እማዬ፣ አልደረሰልኝም» ትላለች ፔይሹዋን ሳህኑን ወደ ኋላዋ እያሸሸች።

«ያልደረሰውን ነው እንጂ የሚቀመሰው! የደረሰውንማ ደንበኛ ይቀምሰዋል።»

«ነገ።»

ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ ነው። ልጅቷ ራሷ ቁርጥራጩን ጉንጯ እስኪነፋ ትበላለች። ለጎረቤት ታድላለች። ፖስተኛው እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ቁራሽ ውጦ፣ አፉን በእጁ ጠርጎ ሄዷል። ከመንደሩ ሁሉ የተከለከለችው ዩቺን ብቻ ናት።

በዚህ ላይ ሊያው አለ። ሊያው ሰሊጥ ጨማቂ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትሁት፣ በግራ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሰው። ድሮ በሁለት ሳምንት አንዴ ዘይትና ሰሊጥ አድርሶ ይመለስ ነበር። አሁን በየሁለት ቀኑ የጓሮው በር ላይ ከፔይሹዋን ጋር ሲንሾካሾክ ይገኛል። ዩቺን ብቅ ስትል ሁለቱም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ።

«ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» ይላል ሊያው።

ዩቺን ቀና ብላ ታያለች። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም።

ከዚያ በልጇ እጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘች፤ «አሥራ ሁለት ኬክ፣ ለሊያው» ይላል። በማግስቱ ደግሞ ስልክ ስታወራ ሰማቻት። «ታይፔይ መምጣቱንማ እፈልጋለሁ… አይ፣ እናቴ አታውቅም።» ዩቺን ነገሩን ገጣጠመችው። ልጅቷ በሊያው ሰሊጥ ዋና ከተማው ታይፔይ ላይ የራሷን ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው። ኬኩን የማታስቀምሳት እናቷ ሙያውን እንዳታውቅባት ነው። ዩቺን የምትፈራው የዳቦ ቤቱን መዘጋት አልነበረም፤ ይዘጋ። የምትፈራው ማዕዱን ነው። ትልቅ ክብ ማዕድ ላይ አንድ ሳህን ሩዝ ብቻ አስቀምጦ መብላትን ነው።

የባሏ ስም የተጻፈበት የመታሰቢያ ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ ሟች የሚጠየቅባቸውን ሁለት የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች አነሳች። «ልጅህ ጥላኝ ልትሄድ ነው?» ብላ መሬት ላይ ጣለቻቸው። አንዱ ቢደፋ አንዱ ቢንጋለል አዎ ነው፤ ሁለቱም ቢደፉ አይደለም። ሁለቱም ተንጋለሉ። ሟች ሳቀ ማለት ነው።

«በሕይወት እያለህም ቁም ነገር ስጠይቅህ እንዲሁ ነበርክ» አለችና የዕለቱን ማንጎ ሳታቀርብለት ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ መንደሩን አስተኝቶት ሳለ፣ ዩቺን የተኛች መስላ ቆየችና በባዶ እግሯ ወደ መጋገሪያው ክፍል ወረደች። ሁለት ኬኮች ከነመጋገሪያቸው ተገልብጠው፣ በመሃላቸው ባለው ቱቦ የጠርሙስ አንገት ላይ ተሰክተው ይቀዘቅዛሉ። እንዲህ ያለ ኬክ ቀና ብሎ ከቀዘቀዘ ወገቡ ይሰበራል። ልጅቷ ቸኩላ አላወጣችውም፤ ዩቺን ሳትወድ በግድ አደነቀቻት። ሦስተኛው ክሬሙን ለብሶ፣ ማንጎውና አናናሱ ተደርድሮበት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

በጎኑ ዞረች። አሸተተችው። ክሬሙ ውሃ አላዘለም። ሹካ አነሳችና ቆረሰች፤ ግራጫው ገላ ያለ ድምፅ ተለቀቀ። የተቆላ ሰሊጥ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ሹካው ከንፈሯ ጋ ደረሰ።

«እማዬ! እንዳትቀምሺ!»

ፔይሹዋን ከጓሮው ሮጣ ገብታ እጇን መታቻት። ሹካው በርሮ ምድጃው ሥር ገባ።

ልጅ እናቷን መታች። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ዩቺን ቀይ የሆነውን የእጇን ጀርባ እያየች ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። ይህን ምት ታውቀዋለችና። የስንቷን ሙሽራ እጅ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ መትታለች! የወንድ ወገን የሚልከውን የእጮኝነት ኬክ ዘመድ ይበላዋል፣ ጎረቤት ይበላዋል፣ ፖስተኛም ይበላዋል። ሙሽራዋ ብቻ አትቀምሰውም፤ ከቀመሰች የራሷን ዕድል በላች። በዚህ አገር፣ ሁሉም ሰው በልቶት ለአንዲት ሴት ብቻ የሚከለከል ሌላ ኬክ የለም።

ዩቺን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው።

«ሊያው?» አለች። «ያ ደንቆሮ?»

«አንድ ጆሮው ብቻ ነው» አለች ፔይሹዋን በቀጭን ድምፅ።

«ታይፔይስ?»

 ልጅቷ ሽርጧን እያፍተለተለች ተናገረች። «አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ሁለቴ ጠርቶኝ ሁለቴ እምቢ ብያለሁ። መሄዱን እፈልገዋለሁ እማዬ፣ አልዋሽሽም። ብቻሽን ማዕድ ቀርበሽ እያሰብኩሽ ግን አልሄድም።»

«አሃ!» ዩቺን ከወንበሩ ተነሳች። «እንግዲያው ልትገላገይኝ ነዋ! እንደ አሮጌ ምጣድ ለሰው ልታስታቅፊኝ! አንቺ ለመሄጃሽ መንገድ ስትጠርጊ እኔ ሙሽራ ልሁን?»

ፔይሹዋን እንባዋ መጣ፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ፊቷን ማዞሯ የዩቺንን ጥርጣሬ አባሰው።

በዚህ መሃል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። ሊያው የሰሊጥ ከረጢት ታቅፎ በጓሮው በር ገባ። የተቆረሰውን ኬክ አየ፤ የሁለቱን ፊት አየ፤ ከረጢቱን ማስቀመጥ ረስቶ ቆመ።

«ስለ ዝናብ እንዳያወሩልኝ» አለችው ዩቺን። «እውነቱን ይንገሩኝ። ይህችን ሴትዮ ውሰድልኝ ያለችዎት ልጄ ናት?»

ሊያው ቀኝ ጆሮውን አስጠጋ። «እሷ? ኧረ እሷማ ስታሰቃየኝ ነው የከረመችው! በጥር፣ ካዲስ ዓመት በኋላ፣ እርስዎን ለማግባት ጠየቅኋት፤ እማዬን ደፍሮ የሚያነጋግር መጀመሪያ እኔን ይለፍ አለችኝ። የጉበቴን የሐኪም ወረቀት አስመጣችኝ። ሟች ባለቤቴን እንዴት እንደያዝኳት ከእህቷ ድረስ ሄዳ አጣራች። አጎንብሼ ስበላ ድምፅ አሰማ እንደሆነ እንኳ ሁለቴ ምሳ ጋብዛ አይታኛለች። እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ማንን እንደወጣች…» ቀና ብሎ ዩቺንን አየና ምላሱን ነከሰ።

ፔይሹዋን በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት።

ዩቺን አልሳቀችም። አምስት ወር ሙሉ ልጇ እሷን ወክላ ስትጠረጥር እንደከረመች ገባት።

«ታዲያ ሳይጠይቁኝ ኬክ ያዛሉ?» አለች፣ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ ቁጣ አልነበረውም።

«ቃል አይወጣልኝም» አለ ሊያው ከረጢቱን ይበልጥ እያቀፈ። «ኬኩን ከፊትዎ ሳስቀምጥ ይገባዎታል ብዬ ነው። ካልፈለጉ… ከኬኩ አንድ ጉርሻ ይቀምሳሉ፣ በቃ። እኔም ነገሩን አላነሳም። ሰሊጡን ማምጣቴን ግን አልተውም።»

 ዩቺን ቢላዋ አነሳች። አንድ ቁራሽ ቆርጣ ለሊያው ሰጠች፤ ማንጎ የበዛበትን ደግሞ ለልጇ። ከዚያ ሌላ ሹካ ከመሳቢያው አወጣች። ሁለቱም መንጋጋቸውን አቁመው እጇን ተመለከቱ።

ዩቺን ሹካውን አገላብጣ አየችው፤ በሽርጧ ጠረገችው፤ ወደ መሳቢያው መለሰችውና ዘጋችበት።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች። «ብሉና ንገሩኝ እንጂ፤ ስኳሩ አልበዛም?»