የእኔ ሃርድ ዲስክ እያለ

ምን ያስዋሸኛል፤ ቀንቻለሁ። ቦንጋ፣ በእኛ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ «ዙፋን ትጠየቅ» ያልተባለበት ቀን አልነበረም። ኸይሪያ የምትባል የአይሲቲ መምህርት ከመጣች ወዲህ ግን ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ኃይለመስቀል አፍ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ሆነች።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሬን አቃጠለው። ያን ጊዜ ነገሩ ለየለት። ጋሽ ኃይለመስቀል ሁለታችንን ጠሩና፣ «የተማሪ ውጤት ከእንግዲህ የት ይቀመጥ? ኃላፊውስ ማን ይሁን? ዛሬ እንወስናለን» አሉ።

ኸይሪያ ፋይሎቹ በየቀኑ በራሳቸው ወደ ሌላ ኮምፒዩተርና ወደ ኢንተርኔት የሚገለበጡበትን ዘዴ አስረዳች።

«ላም አለኝ በሰማይ!» አልኩ። «ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ልትሆኚ ነው? እኔ አራት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ እየገለበጥኩ መሳቢያዬ ውስጥ የቆለፍኩት ሃርድ ዲስክ አለ። ይፈተን!»

ደጅ ላይ ከሺሺንዳ የመጡ አባት የልጃቸውን ትራንስክሪፕት ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ኃይለመስቀል «የልጃቸውን ውጤት አውጪ» አሉኝ። ሃርድ ዲስኩን ኮምፒዩተራቸው ላይ ሰካሁ። የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል። አንዱን ብነካ አይከፈትም። ሌላውም እንደዚያው። ሁሉም ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አለባቸው።

ለካ ስገለብጥ የኖርኩት ፋይሎቹን ሳይሆን ወደ ፋይሎቹ የሚመሩትን ሾርትከቶች ነው! የእኔ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈቱልኝ የነበረው ዋናዎቹ እዚያው ስለነበሩ ነው። ክው አልኩ። የአራት ዓመት ውጤት!

ኸይሪያ ቀስ ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። የልጅቷ ውጤት ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የሌሎቹም ሁሉ።

«ከእትዬ ዙፋን የወሰድኳቸው ፋይሎች ናቸው» አለች። «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ እሳቸው ያልያዙት የለም።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ደስ ብሏቸው ለሰውየው ሊነግሩ ወጡ።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አንድ አርብ ሲገለብጡ ቀስቶቹን አይቼ ነበር። ለቅሶ የሄዱ ዕለት ዋናዎቹን ከኮምፒዩተርዎ ገልብጬ ወሰድኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ። ‹አንቺ ቾክሽን ያዢ› አሉኝ።»

እውነቷን ነው፤ ብያታለሁ። ብታዋርደኝ ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ!

ጋሽ ኃይለመስቀል ተመለሱ። «የኸይሪያን ዘዴ እንወስዳለን። ፋይሉን ያዳነችው ግን ዙፋን ናትና ኃላፊዋ እሷ ትሁን» አሉ። ኸይሪያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ስመኘው የነበረ ነገር እጄ ላይ ወደቀ።

«የለም፣ ኸይሪያ ትሁን» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«አቤት ቅንነት!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ቅንነት እንዳይመስላችሁ። ጥፋቴን እያወቀች ዝም ስትለኝ በየቀኑ ከማያት ቦታውን ብትወስደው ይሻለኛል ብዬ ነው። አሁን ቢያንስ እንደ ልቤ እቀናባታለሁ።