የሊቀመንበሩ ጉርሻ

በልጃችን ክርስትና ዕለት የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ያ ጋጠወጥ፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ ከባሌ ከሸዋንግዛው ጎን ተቀመጠ። ጮማ በእንጀራ ጠቅልሎ «እንካ፣ በሞቴ!» አለው።

ደነገጥኩ። በቀደም ሐኪሙ ባሌን «ደምህ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ስብ በዝቶ የልብህን ደም ሥር እያጠበበው ነው። ጮማና ቅቤ ካልተውክ ልብህ አንድ ቀን ቀጥ ይላል» ብሎታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አለ ባሌ፣ ግንባሩን ላብ ችፍ ብሎት።

«የአብዮቱን እጅ ትመልሳለህ?»

ድፍን አዋሳ ያውቃል፤ ይህ ሰው እምቢ ያለውን ያሳስራል። ባሌ አፉን ሲከፍት፣ ዘልዬ ጉርሻውን ከሊቀመንበሩ እጅ ላፍ አድርጌ ጎረስኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ፊቱ ጠቁሮ።

ጮማውን እያላመጥኩ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደሉም እንዴ፣ ጓድ? ይኸው አጎረሱት!»